ኦሞ በሞላ ዓመት ቤታችን የቆየችው ልጅ

ጂንካ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። አባቴ ከሰሜን በፖሊስነት ተመድቦ መጥቶ እዚሁ ቀረ፤ እኔም ትምህርቴን ጨርሼ ሕፃናትንና ቤተሰብን የሚመለከት ሥራ በሚሠራ አንድ ቢሮ ተቀጠርኩ። አማርኛ አፌን የፈታሁበት ነው። የአካባቢውን ቋንቋ አሪኛን ገበያ የሚያደርሰኝን ያህል እችላለሁ። ከዚያ ወዲያ ቆላ ውስጥ ከሚነገሩት ቋንቋዎች አንዱንም አላውቅም ነበር። ይህ በሥራዬ እንደ ጉድለት ተቆጥሮብኝ አያውቅም። አስተርጓሚ አለ ይባላል፤ አስተርጓሚም ሁልጊዜ ይገኝ ነበር።

ኦሞ ከልኩ ያለፈ ዓመት ወደ ዳሰነች ወረዳ ተላክሁ። ዳሰነቾች ወንዙ ሲሞላ የሚደሰቱ ሰዎች ናቸው። ውሃው ሲመለስ ጥሎት በሚሄደው ጭቃ ላይ ማሽላ ይዘራሉ፤ ወንዙ ሳይሞላ የቀረ ዓመት ነው የሚርባቸው። ስለዚህ በዚያ ክረምት ውሃው ማበጥ ሲጀምር ዕቃውን የሸከፈ ሰው አልነበረም። ደጋው ላይ ግን ሳያባራ ዘንቦ ኖሮ፣ ውሃው በአንድ ጊዜ መጣና በወንዙ መሃል ያሉትን ደሴቶች ከነጎጇቸውና ከነከብታቸው ዋጣቸው። ያመለጠው አመለጠ።

ከቢሮ የተሰጠኝ አንድ ካርቶን ብስኩትና አንድ ካርቶን ቅጽ ነበር። ሥራዬ ከቤተሰባቸው የተለዩ ልጆችን መመዝገብ ነው። ከጂንካ የወረዳው ከተማ ኦሞራቴ በደህናው ጊዜ በአንድ ቀን ይገባል፤ እኛ ሦስት ቀን ፈጀብን። ቱርሚ አጠገብ፣ በሌላው ጊዜ አሸዋ ብቻ የሆነው ወንዝ ሞልቶ ስለጠበቀን፣ ከጭነት መኪናው ወርደን ዳር ላይ ተቀምጠን እስኪጎድል ጠበቅን። ሰዎች በዚያ በኩል እየሞቱ እኛ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለን ብስኩት መብላታችን ይከነክነኝ ነበር። ሾፌሩ ግን ወንዝ በቁጣ አይሻገሩትም ብሎ መኪናው ሥር ገብቶ ተኛ።

መጠለያው ከከተማው ወጣ ብሎ ከፍ ያለ ደረቅ መሬት ላይ ነበር። ሰዎቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ ውሃው አዙረው ተቀምጠዋል። ሸራ ታድሎላቸው ነበር፤ ሸራ የሚወጥሩበት እንጨት ግን በአቅራቢያው አልነበረም። ስለዚህ በዚያ ሐሩር ሸራውን ተከናንበው ይቀመጣሉ። ስንዴም ታድሎላቸው ነበር፤ ወፍጮ አልነበረም። የሴቶቹ የእጅ ወፍጮ ድንጋይ ውሃ ውስጥ ቀርቷል። ስንዴውን እንዳለ ቀቅለው ለልጆቹ ሰጡና ሆዳቸውን ያማቸው ጀመር። ይህንን ሁሉ አያለሁ፤ እጄ ላይ ያለው ግን ቅጽ ነው። አንድ ሽማግሌ መጥተው ውሃው መቼ እንደሚሄድ ጠየቁኝ። ከመንግሥት ቤት የመጣ ሰው ይህን ሳያውቅ አይቀርም ብለው ነው። እንደማላውቅ ሲነገራቸው አመስግነውኝ ሄዱ።

አስተርጓሚዬ ሃያ ዓመት ያልሞላት የዚያው አገር ልጅ ነበረች። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምራለች። አማርኛዋ ፈጣን ነው፤ ሴትና ወንድ ግን አይለይም። እኔንም ሴቷን «አንተ» ትለኛለች፣ ሴት ልጅንም «እሱ» ትላለች። በመጀመሪያው ቀን ላርማት ሞከርኩ፤ በሁለተኛው ቀን አፈርኩና ተውኩት። ሰው እናቱን አጥቶ ሲናገር እኔ ስለ ሰዋስው ማሰቤ አሳፈረኝ።

በሦስተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ፣ ጥላ ፍለጋ የመኪናው ጎን ተጠግተን ሳለን፣ ቀና ብላ ሳታየኝ፣

«የኔን እህት መቼ ትጽፋለህ?» አለችኝ።

ታላቅ እህቷ ከነልጇ ከተዋጡት ደሴቶች በአንዱ ላይ ነበረች። እኔ ሦስት ቀን ሙሉ የሌላውን ሰው ሁሉ ዘመድ በእሷ አፍ ስጠይቅ፣ የእሷን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅኳትም። ቅጹ ለልጆች ነበር፤ ግን አወጣሁና የእህቷንም የልጇንም ስም ጻፍኩ። ሁለቱም እስከ ዛሬ አልተገኙም።

ቤታችን የቆየችው ልጅ የመጣችው ከዚያ በኋላ ባለው ቀን ነው። በሞተር ጀልባ ሰው ሲፈልጉ የዋሉ ሰዎች አንድ የጎጆ ጣሪያ ላይ አግኝተዋት፣ ተሸክመው አምጥተው እግሬ ሥር አስቀመጧት። አራት ዓመት ቢሆናት ነው። አንገቷ ላይ ሰማያዊ ዶቃ፣ ጉልበቷ ላይ እሳት ያቃጠላት የሚመስል የቆየ ጠባሳ አለ። ተቅማጥ ይዟት ዓይኗ ጎድጉዷል። የጤና ባለሙያው አያትና አሁኑኑ ወደ ጂንካ ሆስፒታል መሄድ አለባት አለ። በሽተኞችን የሚወስደው መኪና ሞተሩ ተነሥቶ ቆሟል፤ አስተርጓሚዬ ግን ከሌላ ጀልባ ጋር ወደ ማዶ ሄዳለች።

ብቻዬን ጠየቅኩ። በእጄ፣ በዓይኔ፣ በአማርኛ ጠየቅኩ። የተሰበሰቡት ሰዎች አናውቃትም ለማለት አንገታቸውን ነቀነቁ። አንዲት አሮጊት ብቻ ወደፊት መጥተው፣ ልጅቷን ጉልበቷ ላይ እየነኩ፣ በእጃቸው ከወንዙ ማዶ ሩቅ ቦታ እያሳዩ ብዙ ተናገሩ። አንዱም አልገባኝም። ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ። ቅጹ ላይ «ስም» ከሚለው ፊት «አልታወቀም» ብዬ ጻፍኩ። «የቅርብ ዘመድ» ከሚለው ፊት ደግሞ «የለም» ብዬ ጻፍኩ። እዚያም «አልታወቀም» ማለት ይቻል ነበር። ለምን «የለም» እንዳልኩ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። ፀሐይ ነበር፣ መኪናው ቆሟል፣ ደክሞኛል፤ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

መኪናው ሄደ። ማታ ላይ አስተርጓሚዬ ስትመለስ አሮጊቷን እንድታነጋግራቸው ፈለግኳቸው። ከሌሎች ሰዎች ጋር ወደ ሌላ መጠለያ ተሻግረዋል ተባለ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጂንካ ስመለስ በቀጥታ ሆስፒታል ሄድኩ። ልጅቷ ድናለች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ በሩን ታያለች። ነርሷ የሚወስዳት ሰው ስላጣች እኔን ስታይ ደስ አላት። አለቃዬም ውሃው እስኪጎድልና ነገሩ እስኪጣራ ለጊዜው አንቺ ጋ ትቆይ አለኝ። ጊዜው ስምንት ወር ሆነ።

ያን ጊዜ ከእናቴ ጋር ነበር የምኖረው። አባቴ ካረፈ ቆይቷል፤ እኔ አላገባሁም። እናቴ ልጅቷን ስታያት መጀመሪያ ፊቷን አጠቆረች። የሰው ልጅ የሰው ነው፤ ስትለምጃት ይወስዱብሻል፣ ያን ጊዜ እኔ አንቺን ማባበል አልችልም አለችኝ። ይህን ተናግራ ሳትጨርስ ውሃ አሙቃ ገላዋን ታጥባት ጀመር። በሳምንቱ ስም አወጣችላት። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ የልጅቷ አልነበረምና።

ጂንካ ዝናብ የሚበዛባት ከተማ ናት። ቤታችን ቆርቆሮ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ልጅቷ ጠረጴዛ ላይ ትወጣና እግሯን ሰብስባ ትቀመጣለች። አትጮህም፣ አታለቅስም። ወለሉን ነው የምታየው። ላወርዳት ስሞክር ጥፍሯን ክንዴ ላይ ትተክላለች። እናቴ ግን አንድ ቀን ወንበር ስባ ወጣችና፣ በዚያ ዕድሜዋ ጠረጴዛው ላይ አጠገቧ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ዝናብ ሲመጣ ሁለቱም እዚያ ነበሩ። እኔ ከታች ቆሜ አያቸዋለሁ።

መጀመሪያ የተናገረችው የአማርኛ ቃል «እንቢ» ነው። ቀጥሎ «ዶሮ» መጣ፤ ከዚያ ሁሉም ነገር ተከታተለ። እኔን እናቴ በምትጠራኝ ስም ትጠራኛለች፤ እናቴን ደግሞ እኔ እንደምጠራት «እማዬ» ትላለች። በከተማው መሃል ያለው የአውሮፕላን ማረፊያ ሣር ሜዳ ነበርና፣ ከሰዓት በኋላ ከሰፈሩ ልጆች ጋር እዚያ ትሮጣለች። ጭቃ በጭቃ ሆና ስትመለስ በአማርኛ ትዋሻለች፤ ወደቅኩ ትላለች። መጀመሪያ አካባቢ ለብቻዋ ስትጫወት በራሷ ቋንቋ ታወራ ነበር። መቼ እንደተወችው ልብ አላልኩም። አንድ ቀን ስሰማ ከድንጋዮቹ ጋር በአማርኛ ነው የምታወራው። ደስ አለኝ። ደስ እንዳለኝ አልደብቅም።

በዚያ መሃል ዘመዶቿን እንዲያፈላልጉ ሁለት ጊዜ ወደ ኦሞራቴ ደብዳቤ ልኬያለሁ። መልስ አልመጣም። ሦስተኛ ልልክ እችል ነበር። አልላክሁም።

አስተርጓሚዬ የልጅቷን አባት ይዛ የመጣች ዕለት ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነው። ወንበር ስናቀርብለት እንቢ ብሎ፣ ይዟት የመጣውን መቀመጫም ትራስም የምትሆን ትንሽ እንጨት መሬት ላይ አድርጎ ተቀመጠባት። ውሃው በመጣ ጊዜ ከከብቶቹ ጋር ሩቅ ነበር። ሚስቱንና ጡት ያልተወ ልጁን ውሃ ወስዷቸዋል። ትልቋ ልጁ በጀልባ ተወስዳለች የሚል ወሬ ሰምቶ ከመጠለያ መጠለያ ዞሯል። በየመጠለያው ዘመድ የሚፈለግላቸው ልጆች ስም ሲነበብ ቆሞ ሰምቷል። የእሷ ነገር አልተነበበም፤ ምክንያቱም የቅርብ ዘመድ የላቸውም የተባሉት ልጆች ቅጽ ሌላ ፋይል ውስጥ ነው የገባው። ስምንት ወር እንዲህ ሲዞር ቆይቶ፣ ኦሞራቴ ከአስተርጓሚዬ ጋር ሲገናኙ የጉልበቷን ጠባሳ ነገራት። እሷም እኔ ያን ዕለት ማታ አሮጊቷን ስፈልግ የነገርኳት ትዝ አላት።

ይህን ሁሉ ስትነግረኝ አባትየው መሬቱን እያየ ተቀምጦ ነበር። «የለም» ብዬ የጻፍኩት እኔ መሆኔን ንገሪው አልኳት።

«ይሄን አልነግርም» አለች። «እሱ አሁን ልጅ አገኘ። ይሄ ነገር ለእሱ ምን ያደርጋል?»

ልጅቷ ከሜዳው እየሮጠች ገባች። አባቷ ተነሣና ስሟን ጠራት። በትክክለኛ ስሟ ሲጠራት የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። እሷ ግን ሄዳ በእናቴ ቀሚስ ውስጥ ተሸጎጠች። እሱ እንደ ገና ጠራት፤ ቀስ ብሎ የሆነ ነገር ይላት ጀመር። ልጅቷ ቀና ብላ እኔን አየችና፣

«ምን ይላል?» አለችኝ።

አስተርጓሚዬ እጇን አፏ ላይ አደረገች። አባትየው ምን እንዳለች ጠየቃት። ደግሞ ጠየቃት። ሲነገረው ተመልሶ እንጨቱ ላይ ተቀመጠ። ቀጥሎ የተናገረውን አስተርጓሚዬ እንዲህ አለችኝ፤

«ጥጃ ከጠፋ በኋላ ሲገኝ እናቱን አያውቅም፤ ግን ሲያሸተው ይመጣል ይላል። ትንሽ ቀን ይቀመጣል።»

ሦስት ቀን ግቢያችን ውስጥ ተቀመጠ። ቤት ግባ ቢባል አልገባም፤ ከዛፉ ሥር ነው የዋለውም ያደረውም። ሊይዛት አልሞከረም። ከጭቃ ትንንሽ ከብቶች ይሠራል፤ ቀንድ ያወጣላቸዋል፤ ከፊቱ ይደረድራቸዋል። በሁለተኛው ቀን መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። የአንዱን ጭቃ በሬ ቀንድ ሰብራ ሳቀች፤ እሱም ሳቀ። እናቴ ከኩሽና በር ላይ ቆማ ታያቸው ነበር። ከዚያ ገብታ ለልጅቷ መንገድ የሚሆን ቆሎ ትቆላ ጀመር። ያን ጊዜ እናቴ ልጅቷን ለመስጠት ከእኔ ቀድማ እንደቆረጠች ገባኝ።

እኔ አልቆረጥኩም ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በአስተርጓሚዋ በኩል ነገርኩት። እዚህ ትምህርት ቤት ትገባለች፣ ሐኪም ቅርብ ነው፣ እዚያ ቤት እንኳ ገና የላችሁም፣ በየጊዜው እየመጣህ ታያታለህ አልኩት። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው። እሱ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«አንተ ልጅ አለህ ወይ? ይላል» አለችኝ አስተርጓሚዬ።

የለኝም አልኩ።

«እኔ ያለኝ ይሄ ብቻ ነው ይላል።»

ገብቼ የልጅቷን ልብሶች መሰብሰብ ጀመርኩ። ከሰዓት በፊት በእነሱ አቅጣጫ ወደ ዲመካ የሚሄድ አይሱዙ ነበር። እናቴ ልጅቷን ፀጉሯን አበጥራ፣ አዲስ ቀሚስ አልብሳ፣ ቆሎውን በላስቲክ ቋጥራ ሰጠቻት። ልጅቷ መኪና ላይ መውጣቷ አስደስቷት ነበር። እኛም የምንሄድ መስሏታል። ጭነቱ ላይ አባቷ አጠገብ ተቀምጣ «እማዬ ነይ፣ ቦታ አለ» ትላለች። መኪናው ሲነሣ እኛ እንዳልወጣን ገባት። ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙም አልጽፍም። መኪናው ታጥፎ ከተሰወረም በኋላ ድምፅዋ ይሰማ ነበር። እናቴ የአንገት ልብሷን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ቤት ገባች። ያለችው ሁሉ ደርሶ ነበር፤ እንዲህ ብዬሽ ነበር ግን አላለችኝም።

በዓመቱ ለሌላ ሥራ ኦሞራቴ ወረድኩ። ውሃው ሄዶ ማሽላው ቆሟል፤ የዚያ ዓመት ማሽላ ሰው የሚሰውር ነበር። እናቴ ለልጅቷ ቀሚስ ሰፍታ በእኔ ልካለች። አስተርጓሚዬ አሁን ከተማው ውስጥ ባል አግብታ ትኖራለች። አባትየው ከብቶቹን ይዞ ከልጅቷ ጋር ወደ ድንበሩ እንደሄደ፣ መቼ እንደሚመለስም እንደማይታወቅ ነገረችኝ። ደህና ናት ወይ አልኳት። ደህና ናት፣ ወፍራለች፣ የራሳችንን ቋንቋ መልሳ ትናገራለች አለችኝ። ከዚያ ሻይ ቀዳችልን።

«መጀመሪያ ጊዜ ከባድ ነበር» አለች። «ልጁ ያለቅሳል፣ በአማርኛ ይናገራል። አባቱ አይሰማም። ሮጦ እኔ ቤት ይመጣል፤ ልጄ ምን አለ? ይለኛል።»

የገዛ ልጁን ለመስማት አስተርጓሚ ይጠራ ነበር ማለት ነው። ምን ትል እንደነበር ጠየቅኳት።

«እማዬ ነው ሁልጊዜ። እማዬ፣ እማዬ። ያንተን እናት።»

«ለአባቷስ ምን ትይው ነበር?»

«ውሃ ጠምቶታል እለዋለሁ።» ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ውሃ ይሰጠዋል። ልጁ ይጠጣል፣ ደግሞ ያለቅሳል።»

ቀሚሱን እሷ ጋ ተውኩት። ትስጣት አትስጣት አላውቅም፤ እስክትመለስም የሚጠባት ይመስለኛል።

ጂንካ የገባሁት በማግስቱ ነው። እናቴ በር ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ አገኘሻት ወይ አለችኝ። አላገኘኋትም፣ ግን ደህና ናት አልኳት። ወፍራለች፣ ቋንቋዋንም መልሳለች አልኩ። እናቴ እያንዳንዱን ነገር እየደገመች ሰማችኝ። ከዚያ እጇን ምስሩ ውስጥ እንደከተተች፣

«እኔንስ? ታነሣኛለች አሉሽ?» አለች።

መንገዱን ሙሉ ይህን ጥያቄ ስፈራ ነበር የመጣሁት።

«ረስታሻለች» አልኳት።

«ተመስገን» አለች። «ልጅ ቶሎ ሲረሳ ነው የሚያምርበት።»

ምስሩን መልቀም ቀጠለች። የተለቀመውን ካልተለቀመው ጋር ስትቀላቅለው አየሁ። ጫማዬን አውልቄ አጠገቧ ተቀመጥኩና አብሬያት እንደ ገና ከመጀመሪያው እለቅም ጀመር።